ስስ ክሬፕ በጎንደር ምድጃ፦ የአንድ መጥበሻ የሰባት ወር ፍተሻ

ባለፈው ጥቅምት ወር ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የቤት ዕቃ መደብር ለክሬፕ፣ ማለትም ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት በስሱ ለሚጋገረው የፈረንሳይ ምግብ ብቻ ተብሎ የተሠራ መጥበሻ ገዛሁ። ከዳር እስከ ዳር 26 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የጠርዙ ከፍታ ከአንድ ጣት ውፍረት አይበልጥም፤ አካሉ አሉሚኒየም ሲሆን ውስጡ ምግብ በማያስይዝ ጥቁር ልባስ ተሸፍኗል። ሊጡን ለማሰራጨት የሚያገለግል፣ የመዶሻ ቅርጽ ያለው የእንጨት ማሰራጫም አብሮት ይሸጣል። ዋጋው እዚያው መደብር ውስጥ ከነበረና በስፋት ከሚስተካከለው ተራ መጥበሻ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ስለነበር፣ ከፍዬ ስወጣ ለአንድ ዓይነት ማጣጣሚያ ብቻ የሚውል ዕቃ በእኛ ወጥ ቤት ውስጥ ቦታ ሊይዝ ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ አብሮኝ ወጣ። የዐቢይ ጾምን ሳምንታት ሳልቆጥር በየሳምንቱ መጨረሻ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሠራሁበት፣ አሁን ግንቦት ላይ ሆኜ ለዚህ ጥያቄ የማያዳግም መልስ መስጠት እችላለሁ።

መጥበሻው ቦታ የሚገባው ዕቃ ነው፤ የሚገባው ግን ሻጩ በነገረኝ ምክንያት አይደለም። ሻጩ ደጋግሞ ያወደሰልኝ ልባሱን ነበር። በእኔ ልምድ ግን ከዋጋው ልዩነት አብዛኛውን የሚያካክሰው የጠርዙ ዝቅታ ነው። ክሬፕ ወረቀት ሊመስል እስኪደርስ ስስ ሆኖ ስለሚጋገርና መሐል ላይ ሳይቀደድ መገልበጥ ስላለበት፣ መገልበጫው ከጎን ተጋድሞ ከሥሩ ሊገባ ይገባል። ግድግዳው አራትና አምስት ጣት በሚያክል መጥበሻ ላይ መገልበጫው ተዘቅዝቆ ስለሚገባ የክሬፑን ዳር ይወጋዋል፤ ሊጡም ግድግዳው ላይ እየወጣ ዳሩ መሐሉ ሳይበስል ይደርቃል። ቀደም ሲል በቤታችን ጥልቅ መጥበሻ ስሞክር ከአሥሩ ሦስቱ ወይም አራቱ የሚበላሹት በዚሁ ምክንያት ነበር። በዚህ መጥበሻ ከለመድኩት ወዲህ የሚበላሸው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱም የምድጃውን ሙቀት ለመለካት የሚጠፋ ስለሆነ እንደ ብክነት አልቆጥረውም።

ክሬፕ በስፋት የሚታወቀው የፈረንሳይ ምዕራባዊ ጫፍ በሆነችው በብሬታኝ ነው። በዚያ የሚጋገርበት ቢሊግ የሚባለው ክብ የብረት ምጣድ ጭራሽ ጠርዝ የለውም፤ ሊጡም የሚሰራጨው ሮዜል በሚባል የእንጨት መሣሪያ ነው። ከመጥበሻዬ ጋር የመጣው ማሰራጫ የዚያ ቅጂ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ብሬታኞች ጨው ያለውን ጥቁር ስንዴ ከሚሉት፣ የስንዴ ዘር ካልሆነ እህል ዱቄት፣ ጣፋጩን ከስንዴ ዱቄት ይሠራሉ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ፈረንሳዮች ክሬፕ በተለይ የሚበሉበት ቀን መኖሩ ነው፤ ይህም በእነርሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 2፣ ጌታ በተወለደ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ነው። እኛም ይህንኑ የካቲት 8 ቀን በዓለ ስምዖን ብለን እናከብረዋለን። ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ አርባ ቀን የቆጠረ ሰው በቀላሉ ይደርስበታል።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ የጋገረች ሴት ናት። በዚህ መጥበሻ መጀመሪያ የወጣልኝን ክሬፕ በሁለት እጇ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችውና «ዓይን የለውም እኮ ልጄ፤ ሊጡ ኩፍ ብሏል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ዓይን ያላወጣ እንጀራ አንድ ነገር የጎደለው እንጀራ ነው። ክሬፕ ግን እርሾ የሌለው፣ ዓይን እንዳያወጣ ተብሎ ሊጡ እንዲያርፍ የሚደረግ ነገር ነው፤ ዓይን ቢያወጣ ውስጡ የሚደረገው ማር በዚያው በኩል ይፈስሳል። ይህን ስነግራት ራሷን ነቅንቃ ዝም አለች፤ ቀጥላ ግን ሥራዬን ቆማ ካየች በኋላ እስከ ዛሬ የምጠቀምበትን ምክር ሰጠችኝ። እኔ ቅቤውን በማንኪያ መጥበሻው ላይ ስጥል ተመልክታ «ማሰሻ አድርጊለት እንጂ! እንዲህ ብታፈሺበት ቅባቱ ሊጡን ይገፋዋል» አለች። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጣጥፌ፣ ጥቂት ዘይት ነክቼ፣ ልክ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰሰው አሰስኩት፤ የሚቀጥለው ክሬፕ አንድ ዓይነት የወርቅ ቀለም ይዞ ወጣ። ብሬታኞችም ቢሊጋቸውን ቅባት በነካ ጨርቅ እንደሚያስሱት ከጊዜ በኋላ ሳነብ ለእናቴ ነገርኳትና ደስ አላት።

እንጀራ የለመደ እጅ ግን አንዳንድ ነገሮችን መተው አለበት። የእንጀራ ሊጥ ከምጣዱ ዳር ተነሥቶ እየተዞረ ወደ መሐል ይፈስሳል፤ የክሬፕ ሊጥ ግን ሙሉ ጭልፋው በአንድ ጊዜ መሐል ላይ ፈስሶ፣ መጥበሻው ከምድጃው ተነሥቶ በእጅ አንጓ እየተዘነበለ ወደ ዳር ይሄዳል። ለዚህ ያለው ጊዜ አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊጡ ይይዛል። ምንም ነገር አይከደንበትም፤ አክንባሎ ብንከድንበት እንፋሎቱ ተመልሶ ያረጥበዋል፣ ዳሩም ጥርት ብሎ አይወጣም። እንጀራ አይገለበጥም፤ ክሬፕ ይገለበጣል። መገልበጫው ጊዜ የሚታወቀው በዳሩ ነው፤ ዳሩ ቡናማ ክር የመሰለ መስመር አውጥቶ ከመጥበሻው በራሱ ጊዜ ሲነሣ፣ መጥበሻውን ወዝወዝ ቢያደርጉት ክሬፑ እንደ ሰሌን ሲንሸራተት፣ ያን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። በእኔ ምድጃ ይህ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሁለተኛው ፊት ግማሽ ደቂቃ አያልፍም።

ሊጡን በተመለከተ ብዙ ልኬት ሞክሬ የጸናሁበት ይህ ነው። 250 ግራም የተነፋ የፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት እንቁላል፣ ግማሽ ሊትር ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው እና 40 ግራም ያህል የቀለጠ ለጋ ቅቤ ለ26 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ክሬፕ ያወጣል። ዱቄቱን ጎድጎድ አድርጎ እንቁላሉን መሐል መስበር፣ ከዚያ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ከመሐል ወደ ዳር ማዋሐድ ያስፈልጋል፤ ወተቱ በአንድ ጊዜ ከፈሰሰ ዱቄቱ ይጓጉላል፣ የተጓጎለውንም በወንፊት ካላጠለሉት በቀር ማዳን አይቻልም። ብዙዎቻችን ወተት የምንገዛው ላም ካላቸው ጎረቤቶች ስለሆነ አስቀድሞ ማፍላት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ለብ እስኪል መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ እንቁላሉን ያበስለዋል። በቅመም የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ ኮሰረቱ ከሙዝና ከማር ጋር አይስማማም። ስኳሩን አብዝቼ የሠራሁበት ቀንም ነበር፤ ክሬፑ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ጠቆረ፣ ልባሱ ላይም ተጣበቀ። ጣፋጭነቱ ከሚሞላው ነገር እንጂ ከሊጡ መምጣት የለበትም።

ሊጡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማረፍ አለበት። በዚያ ጊዜ ዱቄቱ ፈሳሹን ይጠጣል፣ በምት ጊዜ የገባው አየር ይወጣል፣ የስንዴው ጅማትም ይላላል፤ ያላረፈ ሊጥ መጥበሻው ላይ ይሸበሸባል፣ ሲበሉትም እንደ ላስቲክ ይጎተታል። ይህ ዕረፍት በእኛ ከተማ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሊጡ መጥበሻ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ካረፈ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ እጨምርበታለሁ። ከእንጀራ ሊጥ የቀጠነ፣ ከጭልፋው ሲወርድ ሳይቆራረጥ እንደ ዘይት የሚንቆረቆር ከሆነ ልኩ ነው። ጤፍ ለመቀላቀል ለሚፈልግ ሰው ከዱቄቱ ሩቡን ቢያደርግ ጥሩ ቀለምና መዓዛ ያገኛል። ከዚያ በላይ ግን አልመክርም፤ ጤፍ እንደ ስንዴ የሚይዝ ጅማት ስለሌለው ሲገለበጥ ይቀደዳል። ለጾም በውሃና በዘይት ብቻ የሞከርኩት ቂጣ እንጂ ክሬፕ አልሆነልኝም።

መጥበሻው ትልቁን ፈተና የገጠመው ምድጃው ላይ ነው። ቤታችን ያለው ባለ ሽቦ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከመጥበሻው ጠባብ ስለሆነ ሙቀቱ መሐሉ ላይ ያርፋል፤ የመጥበሻው ሥርም ስስ በመሆኑ ሙቀቱን ወደ ዳር አያደርሰውም። ውጤቱ መሐሉ የበሰለ፣ ዳሩ ግን ጣት የሚያክል ነጭ ቀለበት የያዘ ክሬፕ ነው። መጥበሻውን በየአሥር ሰከንዱ ሩብ ዙር ማዞርና ወደ ጎን ሳብ ማድረግ ችግሩን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ዕቃ ሥሩ ወፈር ሊል ይገባው ነበር። ቡታጋዝ ላይ፣ እሳቱ ከመካከለኛው ዝቅ ብሎ፣ እጅግ የተሻለ ይሠራል። አመሻሽ ላይ የመብራቱ ኃይል ሲዳከም ደግሞ ክሬፑ መጋገሩ ይቀርና መድረቅ ይጀምራል፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆየ ክሬፕ ሲታጠፍ ይሰበራል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ረፋድ ላይ ቢጀምር ይሻለዋል። መብራት በጠፋበት አንድ እሑድ ከሰል ላይ አመድ ደረብ አድርጌ ሞክሬዋለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ተሳክቶልኛል፣ ምክንያቱም አመዱ የእሳቱን ኃይል አለዝቦ በመጥበሻው ሥር ያዳርሰዋል። በማግኔት ኃይል የሚሠራ ዘመናዊ ምድጃ ያለው ሰው ግን ይህን መጥበሻ ባይገዛው ይሻላል፤ ሥሩ ብረት ያልተደረበበት አሉሚኒየም በዚያ ምድጃ ላይ ጨርሶ አይሞቅም።

የእንጀራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ለምን አይሆንም የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔም አስቤው ነበር። ምጣዱ ሸክላ ነው፤ ወተትና ቅቤ ይመጠዋል፣ ቀጥሎ የሚጋገረው እንጀራም ያን ሽታ ይዞ ይወጣል። እናቴ ሐሳቡን ገና ከአፌ ሳይወጣ ነው የከለከለችኝ።

ስለ አሞላሉ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ክሬፕ በጎንደር ቤት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በዚህ በኩል ነው። መጀመሪያ የሞላሁት ከሱፐርማርኬት በተገዛ የቸኮሌት ቅባት ነበር፤ ልጆች ወደዱት፤ ዋጋው ግን ከሌላው ሁሉ በላይ ነበር፤ ጣዕሙም ከሁለተኛው ክሬፕ በኋላ ይሰለቻል። ከዚያ በኋላ ወደ ገበያችን ተመለስኩ። የመተማ ሰሊጥ እዚህ በቀላሉ ይገኛል። ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁትን ሰሊጥ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀለሙ ሳይጠቁር ቆልቼ፣ ገና ትኩስ እያለ በሙቀጫ ወቀጥኩት። ሰሊጥ ሲወቀጥ መጀመሪያ ዱቄት ይሆናል፣ ቀጥሎ ይረጥባል፣ በመጨረሻም ዘይቱን አውጥቶ ልክ እንደ ለውዝ ቅቤ ይለሰልሳል። በዚህ ላይ እኩል ማር ጨምሬ፣ እጅግ ጥቂት ጨው ነስንሼ፣ ትኩስ ክሬፕ ላይ ቀባሁት። የሰሊጡ ምሬት የማሩን ጣፋጭነት ይገታዋል፤ የክሬፑም ቅቤ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ይህን ሲቀምስ ነው።

ሁለተኛው የምወደው አይብ ነው። ትኩስ፣ ጨው ያልነካው አይብ በነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ ለሁለት ሰዓት ይንጠለጠላል፤ ውሃው ካልወጣለት ክሬፑን ያበሰብሰዋል። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ተፈጭቶ፣ ማርና የተፈገፈገ የሎሚ ልጣጭ ይገባበታል። እንዲህ የተሞላው ክሬፕ በአራት ማዕዘን ተጣጥፎ፣ ተመልሶ መጥበሻው ላይ በጥቂት ቅቤ ሁለቱም ፊቱ ቢጠበስ ላዩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡም ይለሰልሳል። ሙዝ ሲሆን ደግሞ በደንብ የበሰለውን ቆራርጦ በቅቤና በማር አንዴ መጥበስ ይበቃል፤ ኮረሪማ በጥፍር ጫፍ ያህል ቢጨመርበት ግሩም ይሆናል። ማንጎው ቃጫ ካለው አይሆንም። ማርማላታ ፈጣን ነው፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ከምሳ በኋላ ማጣጣሚያ ማቅረብ በእኛ ቤት የተለመደ አይደለም፤ ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ የሚጠብቀው ቡና ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሬፑን ከምሳ በኋላ ወዲያው ሳቀርብ ግማሹ ሳይበላ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ቡና ቁርስ ማቅረብ ጀመርኩ፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪወርድ ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩስ ትኩሱን አወጣለሁ። ስኳር ያልገባበት ቡና ከሰሊጥና ማር ክሬፕ ጋር እንዴት እንደሚሄድ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ሊጡ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋጅና እያንዳንዱ ክሬፕ በሁለት ደቂቃ ስለሚደርስ ቡና የምታፈላው ሰውም ብዙ አትጠብቅም። ቀድሞ የወጣው እንዳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ እርስ በርሱ ላይ መደርደር ይበቃዋል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሻጩ «በፈለግሽው እሳት ላይ ጣጂው፤ ምንም አይሆንም» ብሎኛል። ይህ ስሕተት ነው፤ ገዢውን የሚጎዳ ስሕተት በመሆኑም አሳዝኖኛል። ልባሱ ቴፍሎን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማርክ ግሬጎዋር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከአሉሚኒየም መጥበሻ ጋር ያዋሐደው ዘዴ ማለት ነው። ይህ ልባስ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መበላሸትና ጎጂ ጭስ ማውጣት ስለሚጀምር ባዶውን ምድጃ ላይ ጥዶ መርሳት አይገባም። በቂ መሞቁን የምለካው በውሃ ጠብታ ነው፤ ጠብታው ወዲያው ከተነነ ሙቀቱ ገና ነው፤ ተንከባልሎ ከዘለለ ጊዜው ደርሷል። ሹካ፣ ቢላዋና የብረት መገልበጫ አይነካውም። በአመድና በሽቦ መፈግፈግም ልባሱን ይልጠዋል፤ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። እኔ ከተጠቀምኩ በኋላ ጨርቅ አልብሼ ስለምሰቅለው ከሰባት ወር በኋላም ጭረት የለበትም።

ሁለት ጉድለቶች ግን መነገር አለባቸው። መያዣውን ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ብሎን በሁለተኛው ወር ላላ፤ ሊጥ የተሞላ መጥበሻ እየተዘነበለ ሳለ መያዣው ሲዞር አደጋ ነው፤ ትኩስ ቅቤ እጄ ላይ ፈስሶ አቃጥሎኛልም። ወደ መደብሩ ስመልሰው ሊቀይሩልኝ አልፈቀዱም፤ ራሴ ከብሎኑ ሥር ቀለበት ጨምሬ አጠበቅሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልላላም። የሚገዛ ሰው እዚያው መደብር ውስጥ መያዣውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ወዝውዞ ይየው። ሁለተኛው ማሰራጫው ነው። ርዝመቱ ጠርዝ ለሌለው ሰፊ ምጣድ እንጂ ለዚህ መጥበሻ የተለካ አይደለም፤ ሲሽከረከር ጫፉ ከጠርዙ ጋር እየተጋጨ ሊጡን ይቀደዋል። ወራት ሙሉ ሳልጠቀምበት ከቆየ በኋላ ባለፈው ወር ወደ አንድ እንጨት ሠሪ ወስጄ 11 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በሁለቱም በኩል አስቆረጥኩት፤ ጫፎቹንም በብርጭቆ ወረቀት አስለሰልሼ ዘይት አጠጣሁት። አሁን ሊጡን አንድ ጊዜ ብቻ ሲዞርበት፣ በእጅ አንጓ ከማዘንበል የተሻለ ስስና እኩል የሆነ ክሬፕ ይወጣል፤ ባለፈው እሑድ ከወጡት አሥራ አንዱ መካከል የተቀደደ አንድም አልነበረም።